ከቤት ኮምፒውተር ላይ ስፓይዌር ለማጥፋት የትኛውን ነፃ ፕሮግራም ልምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተሬ ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። ተቻኩላችሁ «ነፃ ስፓይዌር ማጥፊያ» ብላችሁ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የመጣላችሁን አታውርዱ። ብዙ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባው እዚህች ጋ ነው። ከነበረው ችግር ይልቅ «ማጥፊያ» ተብሎ የወረደው ሲብስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከታች ያሉት ዘመድና ጓደኛ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። በአብዛኛው የማወራው ስለ ዊንዶውስ ነው፤ ስለ ማክና ሊኑክስም ትንሽ እላለሁ።

ስፓይዌር ከቫይረስ በምን ይለያል?

ቫይረስ ራሱን እያባዛ ከፋይል ወደ ፋይል ይዛመታል። ስፓይዌር ግን ስሙ እንደሚለው ሰላይ ነው። ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ የምትከፍቱትን ድረ ገጽ ያያል፣ የምትጽፉትን ፊደል በፊደል ይመዘግባል፣ አንዳንዱም ስክሪናችሁን ፎቶ እያነሳ ለላከው ሰው ያስተላልፋል። ማስታወቂያ ብቻ የሚያዥጎደጉደው አድዌር ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው።

በዚህ ሰሞን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ኢንፎስቲለር የሚባለው ነው። ይሄ ለወራት ተደብቆ መቀመጥ አያስፈልገውም። በደቂቃዎች ውስጥ ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን ፓስዋርዶችና ኩኪዎች (ድረ ገጾች እናንተን የሚያስታውሱባቸው ትንንሽ ፋይሎች) ጠራርጎ ይልካል፤ አንዳንዱም ሥራውን ሲጨርስ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ስካን አድርጋችሁ ምንም አለመገኘቱ ምንም አልተሰረቀም ማለት አይደለም። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መግባቱን በምን አውቃለሁ?

የብሮውዘሩ መነሻ ገጽ ወይም መፈለጊያው ሳትነኩት ይቀየራል። ያልጫናችሁት ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ይታያል። አንቲቫይረሱ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ፤ መልሳችሁ ስታበሩት እንደገና ይጠፋል። ከማታውቁት ቦታ ወደ ኢሜላችሁ ተገብቷል የሚል መልእክት ይመጣል። እነዚህ በቁም ነገር የሚታዩ ምልክቶች ናቸው።

ቀርፋፋ መሆን ግን ብቻውን ምልክት አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ያረጀ ወይም ሚሞሪው ያነሰ ኮምፒውተርም ይንቀራፈፋል።

አንድ ነገር በተለይ ላንሳ። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ በኩል «5 ቫይረስ ተገኝቷል!» የሚል ትንሽ ሳጥን ብቅ እያለ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ ስፓይዌር አይደለም። የሆነ ቀን አንድ ድረ ገጽ ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ተብላችሁ ተጭናችኋል፤ በዚያች ቅጽበት ለድረ ገጹ ኖቲፊኬሽን እንዲልክ ፈቀዳችሁለት ማለት ነው። ብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ድረ ገጾች ዝርዝር ክፈቱና የማታውቁትን አስወጡ። በቃ። ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም።

እሺ፣ በአጭሩ የትኛውን ልጠቀም?

መጀመሪያ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ማይክሮሶፍት ዲፌንደርን። ቀጥሎ ለሁለተኛ ምርመራ የማልዌርባይትስን ነፃ ቅጂ። ችግሩ ብሮውዘሩ ላይ ከሆነ አድደብሊውክሊነርን ጨምሩ። ለአብዛኛው ቤት ይሄ ይበቃል።

ዲፌንደር ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የመጣ ነው፤ እውነት ይሠራል?

ይሠራል። ይሄን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ብዙዎቹ የሚያስታውሱት የድሮውን ዲፌንደር ነው። ማይክሮሶፍት ጃየንት የሚባል ትንሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ገዝቶ ነው ፕሮግራሙን ያገኘው። ያኔ ሥራው ስፓይዌር መያዝ ብቻ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ነው ሙሉ አንቲቫይረስ የሆነው። ዛሬ ገለልተኛ የሙከራ ተቋማት፣ ማለትም የጀርመኑ ኤቪ ቴስትና የኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ፣ ከሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ጋር ሲያወዳድሩት ደጋግሞ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። የሁለቱም ውጤት ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ይነበባል። የሆነ ሰው «ምርጥ 10» ብሎ ከደረደረው ዝርዝር እነሱን እመኑ፤ እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያወጡ ብዙ ገጾች በእነሱ ሊንክ በተሸጠ ቁጥር ኮሚሽን ያገኛሉ።

ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ግቡ፣ አፕዴቱን አስጨርሱ፣ ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን» ምረጡ። ኲክ ስካን ለዕለት ጥሩ ነው፤ ስትጠረጥሩ ግን አይበቃም። ፉል ስካን ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ አስጀምራችሁ ተኙ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ፣ እንዳይተኛም አድርጉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር አብሩ። «አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል» ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ ማብሪያ አለ፤ ብዙ ሰው ጋ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። አድዌርና «ማፍጠኛ» ነን ባዮችን የሚይዘው እሱ ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ይሄን እወቁ። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዲፌንደር አዳዲስ ስፓይዌር የሚለይበት ዝርዝር መምጣቱን ቢቀጥልም፣ የተራዘመውን የደህንነት አፕዴት ካልተመዘገባችሁ የዊንዶውሱ ቀዳዳ አይደፈንም። በሩ ክፍት ሆኖ ዘበኛው ብቻ ጎበዝ ቢሆን ብዙም አይረዳም።

ኦፍላይን ስካን የሚባለው ምንድነው?

ዲፌንደር ውስጥ ካሉት ነገሮች በጣም የምወደው እሱን ነው፤ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንዳንድ ስፓይዌር ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ስለሚነሳ ስካነሩን እያየ ይደበቃል፣ ወይም ሲጠፋ ራሱን መልሶ ይጭናል። ኦፍላይን ስካን ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ይመረምራል። ሰላዩ ገና ስላልነቃ መደበቅ አይችልም። ወደ 15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እዚያው «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ አለ። ከመጫናችሁ በፊት የከፈታችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ።

ዲፌንደር ካለ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?

አንዱ ያላየውን ሌላው ስለሚያይ። ሐኪም ለውጣችሁ እንደመታየት ቁጠሩት። ግን ሁለተኛው ሲጠሩት ብቻ የሚሠራ መሆን አለበት። ሁለት አንቲቫይረስ ሁልጊዜ በርቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ስህተት ነው፤ አንዱ የያዘውን ፋይል ሌላው ሊይዝ ሲል ይጋጫሉ፣ ኮምፒውተሩም ይጨናነቃል።

ማልዌርባይትስ ስትጭኑት የ14 ቀን የሚከፈልበት ሙከራ ሊያስጀምራችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ ካርድ አታስገቡ። ሙከራው ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ክፍል ይቆምና ስካን አድርጎ የሚያጸዳው በነፃ ይቀራል። እኛም የምንፈልገው ይሄኛውን ነው።

አድደብሊውክሊነር የዚሁ ኩባንያ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው የገዙት። መጫን እንኳ አያስፈልገውም፤ ፋይሉን ከፍታችሁ ስካን ማለት ነው። ኤክስቴንሽን፣ ቱልባር፣ የተቀየረ መነሻ ገጽ፣ እንደዚህ ያለውን ጥርግ አድርጎ ያወጣል።

ሌላ አማራጭ ከፈለጋችሁ ኤምሲሶፍት ኢመርጀንሲ ኪት ለግል አገልግሎት ነፃ ነው፤ ፍላሽ ላይ ይዛችሁት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር መሄድ ትችላላችሁ። ኢሴት ኦንላይን ስካነርም አንዴ መርምሮ ለማጽዳት ጥሩ ነው። የማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነር ደግሞ ካወረዳችሁት 10 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፣ እንደገና ማውረድ ነው። ይሄ እንደ ጉድለት አይታይ፤ ያረጀ ስካነር የትናንትናውን እንጂ የዛሬውን ስፓይዌር አያውቅም።

«ነፃ» ከሆነ በምን ይተዳደራሉ?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን ነው የምወደው። ማንኛውንም ነፃ ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁት። ስካነር መሥራት ውድ ነገር ነው። በየቀኑ አዳዲስ ስፓይዌር የሚተነትኑ ሠራተኞች ደሞዝ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻላችሁ ቆም በሉ።

ንጹሕ መልስ አለ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ይሸጣል። ማልዌርባይትስ፣ ኤምሲሶፍትና ኢሴት የሚከፈልበት ቅጂ ይሸጣሉ፤ ነፃው የሚያስተዋውቅላቸው ናሙና ነው። «ግዙ» እያለ ሊያሰለቻችሁ ይችላል፤ እሱን መታገሥ ይቻላል።

የሚያሳምም መልስም አለ። አቫስት በዓለም ላይ በሰፊው ከተጫኑ ነፃ አንቲቫይረሶች አንዱ ነው። ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ይሸጥ እንደነበር በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኞች አጋለጡ፤ ቅርንጫፉም ወዲያው ተዘጋ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው፣ እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ እንዳይሸጥም አገደው። አስቡት፤ ሰዎቹ ፕሮግራሙን የጫኑት እንዳይሰለሉ ብለው ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ እንደመስጠት ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ማንኛውንም ነፃ ፕሮግራም ስጭን መጀመሪያ የምከፍተው የፕራይቬሲ ሴቲንጉን ነው። «መረጃዬን ለሦስተኛ ወገን አጋራ» የሚል ምልክት በርቶ ካገኘሁ አጠፋዋለሁ። ማጥፊያ ከሌለው ፕሮግራሙን ራሱን አጠፋዋለሁ።

ሀሰተኛ ማጥፊያ በምን ይታወቃል?

እህቴ አንድ ቀን ደውላ «ላፕቶፔ ከ1,100 በላይ ችግር አለበት ይላል» አለችኝ። ላፕቶፑ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ከተጫነለት ሳምንት አልሞላውም። ሄጄ አየሁት። በትልቅ ቀይ ቁጥር 1,100 እና ምናምን ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የሚንቦገቦግ «አስተካክል» አለ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ከፈትኩ። የመጀመሪያው የብሮውዘር ኩኪ። ሁለተኛውም ኩኪ። ቀጥሎ ባዶ ጊዜያዊ ፋይል። ቀጥሎ እሷ ራሷ ካጠፋችው ፕሮግራም የተረፈ አቋራጭ። አንድም የሚሰልል ነገር የለም። «አስተካክል» ሲባል የካርድ ቁጥር ይጠይቃል።

እንዴት እንደገባ ፈለግን። ፒዲኤፍ መቀየሪያ አውርዳ ነበር። ያንኑ ፋይል እንደገና ስንከፍተው ሁለተኛው ገጽ ላይ ትልቅ አረንጓዴ «አክሰፕት» አለ፤ አጠገቡ በቀጭን ግራጫ ፊደል ለማየት የሚያስቸግር «ዲክላይን» ተጽፏል። እሷ የመጫኑ አካል መስሏት አረንጓዴውን ተጭናለች። ማንም ሰው ያደርገዋል።

ይሄ አዲስ ዘዴ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ዊንፊክሰርን የመሳሰሉ ሀሰተኛ ማጽጃዎች የሚሸጡ ሰዎችን ፍርድ ቤት ሲያቆም፣ የተታለለው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። ዘዴው ያው ነው፤ ያስደነግጡና ያስከፍላሉ።

ስለዚህ ስካኑ በነፃ ሆኖ ማጥፋቱ በገንዘብ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሳትጠሩት ራሱ ድረ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ «መርምሬ አገኘሁ» የሚል ከሆነ ውሸት ነው፤ ድረ ገጽ ዝም ብሎ ኮምፒውተራችሁን መመርመር አይችልም። ስልክ ቁጥር ሰጥቶ «ደውሉ» የሚል ካለ አትደውሉ። ሩቅ ሆኖ ኮምፒውተራችሁን እንዲቆጣጠር የሚያስችል ፕሮግራም ጫኑ የሚላችሁን ሰው ደግሞ ስልኩን ዘግታችሁ ተገላገሉት።

ከየት ላውርድ?

ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚወጡት «ማስታወቂያ» የተባሉ ሊንኮች ላይ አትጫኑ፤ አታላዮች ከፍለው የታወቀ ፕሮግራም ስም ይዘው እዚያ ይቀመጣሉ። አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ካወረዳችሁ በኋላ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን እዩ፤ የአምራቹ ስም መኖር አለበት። ከተጠራጠራችሁ ፋይሉን ቫይረስቶታል ላይ ጫኑት፤ በብዙ ደርዘን ስካነሮች በአንዴ ያስመረምርላችኋል። የግል ሰነድ ግን እዚያ አትጫኑ፤ የተጫነውን ፋይል ሌሎች ተመራማሪዎች ማውረድ ይችላሉ።

ትክክለኛ ምንጭም አንዳንዴ ይመረዛል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲክሊነር የሚባለው ኮምፒውተር ማጽጃ 5.33 ቅጂ ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ ሰላይ ኮድ ይዞ ወጥቶ ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተር ደርሷል። ስለዚህ የማያስፈልጋችሁን «ማጽጃ» አለመጫን ራሱ ጥበቃ ነው።

ስፓይቦትና አድአዌርስ? ድሮ እነሱን ነበር የምንጠቀመው።

እኔም ተጠቅሜያቸዋለሁ፣ ውለታቸውን አልረሳም። ዛሬ ግን መጀመሪያ የምመክራቸው አይደሉም። ከላይ ያልኳቸው ይሻላሉ።

የሚከፈልበትን በክራክ ብጭነውስ?

አይሆንም። ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያስከፍት ፋይል፣ ራሱ ኢንፎስቲለር በብዛት ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ነው። ክራኩን ስትጭኑ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላችኋል፤ እናንተ ራሳችሁ በሩን ትከፍቱለታላችሁ።

ስካኑ ብዙ ነገር አገኘ፤ ሁሉንም ላጥፋ?

ኳራንቲን አድርጉ እንጂ ወዲያው አታጥፉ። ኳራንቲን ማለት ፋይሉን መሥራት በማይችልበት ቦታ መቆለፍ ነው፤ ስህተት ከሆነ ትመልሱታላችሁ። «ፒዩፒ» የተባለው የማይፈለግ ፕሮግራም ማለት ነው፤ አውቃችሁ ካልጫናችሁት አውጡት። ብዙ ኩኪ ተገኘ ካለ አትጨነቁ። ስማቸው ውስጥ «ትሮጃን» (ሌላ ነገር መስሎ የሚገባ)፣ «ስቲለር» (ሰራቂ) ወይም «ኪሎገር» (የምትጽፉትን የሚመዘግብ) ያለባቸው ናቸው ዋናዎቹ፤ የእነሱን ስም ጻፉና ያዙ፣ ምን እንደሚሰርቁ ለማወቅ ይጠቅማችኋል።

ስካነሩ አልከፈት አለኝ፤ ሲከፈትም ይዘጋል።

ያኔ በእርግጥ የሆነ ነገር አለ። ኢንተርኔቱን ንቀሉ። ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርት በሉ፣ ከሚመጣው ሜኑ «ስታርታፕ ሴቲንግስ» ድረስ ግቡና በሴፍ ሞድ አስነሱት። እዚያ ብዙው ስፓይዌር አይነሳም። ስካነሩን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር በፍላሽ አምጡ።

ዲፌንደር ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውንም እዩ። ብልጥ ስፓይዌር ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን «ይሄን አትመርምር» ከሚባለው ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው። እናንተ ያልጨመራችሁት ካለ አውጡትና እንደገና ስካን አድርጉ።

ጠፋልኝ። አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ ቢጠፋም የሰረቀው ሌላ ሰው እጅ ነው።

ፓስዋርዶቻችሁን ቀይሩ፤ ግን ካልተነካ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ሆናችሁ። መጀመሪያ ኢሜሉን፣ ምክንያቱም ኢሜሉን የያዘ ሰው የሌላውን ሁሉ ፓስዋርድ ማስቀየር ይችላል። ቀጥሎ ባንክ። ከዚያ ሌላው። ፓስዋርድ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውንም ተጫኑ። የተሰረቀ ኩኪ ካለ ሌባው ፓስዋርድ ሳይጠየቅ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስወጣው ይሄ ነው። ኢሜላችሁ መልእክት ወደማታውቁት አድራሻ እያስተላለፈ እንዳይሆን ሴቲንጉን ፈትሹ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ይሄን ሁሉ በዚያው ቀን አድርጉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

የሚሰልለኝ የማውቀው ሰው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በጥንቃቄ ነው የሚያዘው። የትዳር ጓደኛ ወይም የቀድሞ ፍቅረኛ አንዳንዴ በእጁ ይጭነዋል። በሽያጭ ላይ ያለ «መቆጣጠሪያ» ስለሆነ አንዳንድ ስካነር ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስታጠፉት የጫነው ሰው ያውቃል። ያ ሰው ሊጎዳችሁ ይችላል የሚል ስጋት ካለ ቶሎ አታጥፉ። መጀመሪያ እሱ በማይደርስበት መሣሪያ የምታምኑትን ሰው ወይም በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችን አማክሩ። ደህንነታችሁ ከኮምፒውተሩ ይቀድማል።

ማክና ሊኑክስስ?

ማክ ኤክስፕሮቴክት የሚባል የራሱ መከላከያ አለው፤ ለሁለተኛ ምርመራ ማልዌርባይትስ ለማክም ነፃ ቅጂ አለው። «ማክዎ ተበክሏል» ብሎ ብቅ የሚል ማስታወቂያ ግን እዚያም ያው ውሸት ነው። ሊኑክስ ላይ ክላምኤቪ በነፃ አለ፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ለዊንዶውስ ተጠቃሚ የምታስተላልፉትን ፋይል ለመመርመር ነው።

ተስፋ ቆርጬ ፎርማት የማደርገው መቼ ነው?

ኦፍላይን ስካን አድርጋችሁ፣ ሁለተኛ ስካነር ተጠቅማችሁ፣ ያው ነገር ከተመለሰ። ወይም በኮምፒውተሩ የባንክ ሥራ የምትሠሩ ሆናችሁ ስቲለር ወይም ከሩቅ የሚቆጣጠር ትሮጃን ከተገኘ። እኔ እንዲህ ያለ ስም ካየሁ ብዙ አልከራከርም፣ ፎርማት ነው።

ከንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ የዊንዶውስ መጫኛ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አዘጋጁ። ፎቶና ሰነዳችሁን ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። የድሮ መጫኛ ፋይሎችን፣ ዳውንሎድ ፎልደሩንና ክራክ የነበረበትን ማንኛውንም ነገር እዚያው ተዉት። ስትጭኑ የድሮውን ዲስክ ክፍልፋዮች ሰርዙ። ዊንዶውሱ ከተነሳ በኋላ አፕዴቱን አስጨርሱ፣ ከዚያ የገለበጣችሁበትን ዲስክ ሰክታችሁ አንድም ፋይል ሳትከፍቱ በዲፌንደር ስካን አድርጉት። ኤክስቴንሽኖቹን ብሮውዘሩ ከአካውንታችሁ በራሱ እንዳይመልሳቸው ሲንኩን ከማብራታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ፤ ፎርማት ካደረጉ በኋላ ያው አድዌር የተመለሰባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፣ መንገዱም ይሄው ነበር።